ዝም የሚባልበት ቤት

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ሽቅብ በሚወስደው ባለ ኒም ዛፍ መንገድ ላይ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ ዝቅ ያለ ቤት አለ። ከበሩ በስተቀኝ የእብነ በረድ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። «የከዚራ እህትማማቾች፣ ሊዲያና ኬብሮን፣ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በዚህ ቤት ነው። እናታቸው ዝም በሉ ትላቸው ነበር። ዝም አላሉም።» ሰሌዳውን ያነበበ ጎብኚ መጨረሻው ላይ ፈገግ ይላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ጥላ ፈልጎ ይቀመጥና ትርኢቱ እስኪጀምር ይጠብቃል። የዝነኞች ቤት አስተዳደር ግን «ትርኢት» የሚለውን ቃል አይወደውም። «ኑሮ» ነው የሚለው።

በ2078 ዓ.ም. ኑሮውን ይኖሩ የነበሩት አቤኔዘር፣ ሚስቱ ኤፍራታና የስምንት ዓመት ልጃቸው ጽናት ነበሩ። ቤቱ የደረሳቸው በዕጣ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ መኖሪያ የሚገኘው በዕጣ ብቻ ከሆነ ቆይቷል፤ ዕጣው ደግሞ ለአንድ ሰው በዕድሜው አንዴ ብቻ ይወጣለታል፤ የለቀቀ ለቀቀ ነው። ሌላው ሰው አርባኛ ፎቅ ላይ መስኮት የሌለው ክፍል ሲደርሰው ለእነሱ ቅርስ ደረሳቸው። ዘመድ አዝማድ እልል አለ። ጎረቤት ቀና። ቅርስ ውስጥ የሚኖር ሰው ኪራይ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው አኗኗሩን ነው።

ቤቱ ውስጥ ዓመቱ ሁልጊዜ 2016 ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል ተጥሎበታል፤ ግድግዳው ላይ የባንክ ካላንደር ተሰቅሏል፤ ቻርጀሩ ካልተጣመመ አይሠራም፣ የተጣመመውም በባለሙያ ነው። መብራት በቀን ሁለቴ ይጠፋል። በከተማው ውስጥ መብራት የሚጠፋበት ቤት ይህ ብቻ ስለሆነ ጎብኚው ለዚያ ሰዓት ቦታ ይሻማል። ተመልሶ ሲበራ ጽናት «መጣ!» ብላ መጮህ አለባት። ውጭ ያለው ሕዝብም አብሯት ይጮኻል፤ አዛውንቶቹ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሲጠፋ የተራገሙበትን ነገር ሲበራ ያለቅሱለታል፤ ሰው እንዲህ ነው።

ውሃም አለ። በሌላው ቤት ውሃ ከአየር እየተጨመቀ በየኩሽናው ይገባል። እዚህ ግን መንገዱ ጥግ ላይ አንድ ቧንቧ ተተክሏል፤ ቧንቧው ፊት ቢጫ ጀሪካን የያዙ የሰልፍ ሠራተኞች ከጠዋት እስከ ማታ ይቆማሉ። «ተራዬን ወሰድሽብኝ!» እያሉ ይጣላሉ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ አብረው ይበላሉ። ሥራው ቋሚ ነው፣ ጡረታም አለው።

የታዋቂዎቹ እህትማማቾች አባት የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ቀን ቀን ቤት አይውሉም ነበር። ስለዚህ አቤኔዘርም ቀን ቤት እንዲውል አይፈቀድለትም። ጠዋት ፈጢራውን በልቶ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። ባጃጆች ያለ ሹፌር መሄድ ከጀመሩ ወዲህ የሚሄድበት ሥራ ስለሌለው ከመንገዱ ማዶ ካለው ኒም ሥር፣ ከጎብኚዎቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የገዛ ቤቱን ሲመለከት ይውላል። አንዳንዴ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው «ሴትዮዋ ጎበዝ ናት፣ አይደል?» ይለዋል። «አዎ፣ ጎበዝ ናት» ይላል።

ትንሿ ኬብሮን በ2016 ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ኤፍራታና አቤኔዘር ሁለተኛ ልጅ ስለሌላቸው አስተዳደሩ አሻንጉሊት መደበላቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ሊዲያን የምትሆነው ጽናት የምትዘፍነው ለእሷ ነው። ጠዋት አንዴ፣ ቀትር ላይ አንዴ፣ አመሻሽ ላይ አንዴ መዝፈን ትጀምራለች፤ አንድ ስንኝ እንዳለፈች ኤፍራታ ከጓሮ በኩል «ዝም በሉ! ጆሮዬን አደነቆራችሁት!» ብላ ትጮኻለች። ውጭ ያለው ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ስለ ዘፋኞቹ እህትማማቾች የተሠራውን ድራማ ሁሉም አይቶታል። ግድግዳው ላይ የተገጠመው ጆሮ የሚባለው ነገር ጩኸቱን ይመዝናል፤ ለስላሳ ከሆነ ቢጫ ያበራል። ኤፍራታ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢጫ በቢጫ ነበረች። ኋላ ተካነችበት።

ችግሩ ጽናት ከልቧ የምትዘፍን ልጅ መሆኗ ነበር። ድምፅዋ የተለየ ነው እያልኩ አይደለም፤ ብዙ ልጅ እንደሚዘፍነው ነው የምትዘፍነው። ግን ሳትዘፍን ጫማ የማታስር፣ ሳትዘፍን ደረጃ የማትወርድ ልጅ ነበረች። ቅርሱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን ዜማው ቀስ በቀስ እየጠፋ ሄደ። ሰኞ ቤቱ ለጎብኚ ዝግ ነው። አንድ ሰኞ አቤኔዘር ልጁን ሳሎን ውስጥ አጠገቡ አስቀምጦ «እስቲ አንድ ነገር ዝፈኚልኝ» አላት። ጽናት አፏን ከመክፈቷ በፊት ዞር ብላ የእናቷን አፍ አየች። ከዚያ «ይቅር» አለች።

በማግስቱ ማታ ሚስቱን አናገራት።

«ልጅቷን አፈንናት እኮ።»

«እኔ የተጻፈልኝን ነው የምለው» አለች ኤፍራታ። ድምፅዋ ቀን በመጮህ ሻክሯል። «ልጄን ዝም ማሰኘት ደስ የሚለኝ ይመስልሃል? ብንወጣ የት ነው የምንወድቀው? ሌላ ዕጣ የለንም አቦ።»

አቤኔዘር ተናደደ፣ ስለተናደደም ተኛ።

ነገሩ የተቀየረው በጥቅምት፣ አንዲት ቀጭን አሮጊት ድሪያ ቀሚሷን ሰብስባ አግዳሚው ላይ አጠገቡ የተቀመጠች ቀን ነው። አሮጊቷን በእሳቸው አለመጻፌ ንቀት አይደለም፤ ድሬ ተወልዳ ያደገች ናት፣ እኛ ደግሞ አንቱታ አይሆንልንም። የቀትሩ ዘፈን ተጀመረ፣ «ዝም በሉ!» ተባለ፣ ሰው ሳቀ። አሮጊቷ አልሳቀችም።

«ማናት እንዲህ የምትጮኸው?»

«ሚስቴ ናት።»

«ልጅቷ ምን አድርጋት ነው?»

«ምንም። ሚስቴ ሙሉመቤትን ሆና ነው። የእህትማማቾቹን እናት።»

«ሙሉመቤት እንዲህ አትጮህም ነበር።»

«ድራማውን አላየሽውም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ አቦ። እናቴን ሆና የሠራችው ልጅ መልካም ሰው ናት፣ እንዲያውም ቤቴ መጥታ ምሳ በልታለች። የተጻፈላትን ነው ያለችው።»

አቤኔዘር ቀና ብሎ አያት። ሊዲያ ነበረች። ኬብሮን ከሞተች ወዲህ አዲስ አበባ ብቻዋን ትኖራለች፤ ሰሌዳው ከተለጠፈ በኋላ ቤቱን ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጎብኚዎቹ አላወቋትም። የሚያውቁት በድራማው ላይ ያለችውን ነው፤ ያቺ ደግሞ አታረጅም።

«ታዲያ እናትሽ ምን ትል ነበር?» አላት።

«ጮክ በሉ ነበር የምትለን» አለች። «የደቻቱ ወንዝ እዚህ ቅርብ ነው፣ ሲሞላ አያስታውቅም። ዝናቡ ሐረር በኩል ይጥላል፣ እዚህ ደረቅ ፀሐይ ነው፤ ድንገት ውሃው ይደርሳል። አሸዋው ላይ ሲጫወት የተወሰደ ልጅ ስንት ነው! እናቴ ውሃ ልትቀዳ ሰልፍ ስትሄድ በሩን ከውጭ ትቆልፍብናለች። ያኔ እንደዛሬው ጆሮ የለ፣ ምን የለ። ‹እዚያ ድረስ እንድሰማችሁ ጮክ ብላችሁ ዝፈኑ፤ ካቆማችሁ ተራዬን ጥዬ ነው የምመጣው› ትለናለች። ተራዋን ላለማስጣል ዘፈንን። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ስለዚህ ብዙ ዘፈን ያስፈልግ ነበር። አንድ ቀን ኬብሮን ትን ብሏት ሳለች እኔም ደንግጬ አቆምኩ። ጀሪካኗን ወርውራ፣ አንድ እግሯን ጫማ ሳታደርግ መጣች። እኔና ኬብሮን እንዲህ ነው ዘፋኝ የሆንነው። ዝም በሉ የሚለን ሰው ኖሮ አያውቅም።»

ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «እናቴን በድንጋይ ላይ ጨቋኝ አድርገው ጻፏት» አለች። «ይሄ ያናድደኛል።»

አቤኔዘር ክንዷን ያዘ። «ይሄን ለአስተዳደሩ ንገሪልኝ። ልጄን እያጣኋት ነው።»

የአስተዳደሩ አስተባባሪ ሱራፌል ቢሮው ከቤቱ ጀርባ ነው። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ የማያዳምጠው ሰው የለም። ሊዲያን ሲያይ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ።

«እማማ ሊዲያ! እንኳን ደህና መጡልን! ምን ላቅርብልዎት?»

«አንቱታውን አስቀረውና ወንበር ስጠኝ» አለች። ተቀምጣ ስለ እናቷ ነገረችው።

ሱራፌል አልተከራከረም። «እናትዎ ይጮኹ እንዳልነበር እናውቃለን» አለ። «እህትዎ በሕይወት ሳሉ ነግረውናል። ግን ጎብኚው ድራማውን አይቶ ነው የሚመጣው። የምትቆጣ እናት ካላገኘ የተሳሳተ ቤት የገባ ይመስለዋል። እውነትም እኮ የሚያየው ሰው ይፈልጋል እማማ።»

«እሺ፤ ሕፃናት ተቆልፎባቸው፣ ወንዙ እየመጣ፣ እናት ሰልፍ ላይ ሆና ድምፃቸውን ስትጠብቅ ማየት አይፈልግም?» አለች ሊዲያ ተናዳ።

ሱራፌል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ወንዙ… እየመጣ?» አለ ቀስ ብሎ። «ከውጭ ተቆልፎ?» እስክሪብቶውን መልሶ አነሳ። «ይሄን እህትዎ አልነገሩንም። ይሄማ ከድራማው ይበልጣል!»

«ልጅቷን ዝም በይ የሚላት ሰው እንዳይኖር ነው የምፈልገው።»

«ቃሌ ነው። ማንም ዝም በይ አይላትም።»

ቃሉን ጠበቀ። ይህ ይመስገንለት። ሊዲያ ወደ ጣቢያው ከመሄዷ በፊት ቤቱ ውስጥ ገብታ ጽናትን ሳመቻት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ያለችውን አሻንጉሊት ቆማ ስታያት ቆየች፤ ቀሚሷን አስተካከለችላት። «ኬብሮን እኮ ለአንድ ደቂቃ ዝም አትልም ነበር» አለችና ወጣች። በሰባት ሰዓቱ ባቡር፣ ልቧ ረክቶ ተመለሰች።

በሳምንቱ አዲስ ሰሌዳ ተለጠፈ። «እናታቸው ጮክ በሉ ትላቸው ነበር። ጮኹ።» ጓሮ የነበረው የኤፍራታ ቦታ ወደ ሰልፉ ተዛወረ። በሩ ላይ ከውጭ የሚቆለፍ የዱሮ ቁልፍ ተገጠመ። ኤፍራታ መብራቱ ልክ ሲጠፋ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ትወጣለች፣ ልጇ ላይ ትቆልፋለች፣ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ትቆማለች። ጽናት ተራው እስኪደርስ ድረስ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ ያለማቋረጥ ትዘፍናለች። ድምፅዋ ሲቀንስ ጆሮው ቢጫ ያበራል፤ ከፍ ታደርገዋለች። የጎብኚው ቁጥር ጨመረ። ከኒሙ ሥር መቀመጫ ጠፍቶ አቤኔዘር መቆም ጀመረ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ አለው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ልጁ በሙሉ ድምፅዋ ስትዘፍን ከመንገዱ ማዶ እየሰማ ለማያውቀው ሰው ሁሉ «የእኔ ናት» ይል ነበር። ሰዎቹም ፈገግ ብለው ያልፉታል፤ በየቅርሱ ዙሪያ እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም።

ሰኞ ሲደርስ፣ ቤቱ ዝግ ሲሆን፣ እንደገና ጠየቃት። «ዛሬ ማንም የለም። ለእኔ ብቻ ዝፈኚልኝ።»

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች ጽናት።

«አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ለምን?»

«ገና ነው» አለችና ካልሲዋን ማጠፍ ቀጠለች።

አቤኔዘር ሄዶ ሱራፌልን አነጋገረ። ልጅቷ ደክሟታል፣ ክፍሉ ይሞቃል፣ መብራት ስለሚጠፋ ማራገቢያው አይሠራም አለው። ሱራፌል በጥሞና ሰማውና በ2016ም እንደዚያው ይሞቅ እንደነበር፣ ሊዲያ ራሷ ምስክር እንደሆነች በትሕትና አስረዳው። አቤኔዘር ለሊዲያ ስልክ ደወለ። ሊዲያ አንገቷን በእጇ ይዛ «ምን አደረግኩ? ምን አደረግኩ?» አለች። እሷም ሱራፌል ጋ ደወለች። ሱራፌል አመስግኖ፣ አስተያየቷን በሚቀጥለው ዓመት ግምገማ እንደሚያየው ነገራት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መብራቱ ጠፋ፣ ኤፍራታ ቆልፋ ወጣች፣ ዘፈኑ ተጀመረ። ድሬ በዚያ ሰዓት ወፍ አያስወጣም፤ ጎብኚዎቹ ማራገቢያቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ጥላው ውስጥ ተጠጋግተዋል። ጽናት ሁለት ዘፈን ጨረሰች። ሦስተኛውን ጀመረች። መሐል ላይ አቆመች።

ጎብኚዎቹ ጠበቁ። ትንፋሽ እየወሰደች ይሆናል። ዘፈኑ ግን አልቀጠለም።

ሰልፉ ላይ ኤፍራታ ቀና አለች። ከፊቷ ያለችው የሰልፍ ሠራተኛ «ተራዬን ወሰድሽብኝ!» የምትልበት ሰዓት ደርሶ አለች፤ ኤፍራታ አልመለሰችላትም። ወደ ቤቱ ዞራ አንገቷን አስግጋ አዳመጠች። አሁንም ምንም የለም። በ2078 ዓ.ም. ወንዙ በግድብ ታስሯል፣ የሚያሰጋ ነገር አልነበረም፤ ኤፍራታ ይህን ታውቃለች። ክፍሉ ግን ተቆልፏል፣ ሙቀቱ ድንጋይ ይሰብራል፣ ልጅቷ ጠዋት ራሴን አመመኝ ብላት ነበር። ጀሪካኑን ለቀቀችው። ሮጠች።

አቤኔዘር መንገዱን ሲያቋርጥ አየችው። ቀን ነው፣ ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ አባት በዚህ ሰዓት ባቡር ላይ ነው መሆን ያለበት። በሩ ላይ እኩል ደረሱ። ኤፍራታ ቁልፉን ከመቀነቷ መፍታት አቃታት፤ እሱ በጥርሱ ፈታው። ከኋላቸው ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ወይኔ!» አለና ጭብጨባው ፈነዳ።

ጽናት መሬት ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ በላብ ርሷል፣ ሌላ ምንም አልሆነችም። አሻንጉሊቷን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራታለች።

«ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?» ኤፍራታ ተንበርክካ ግንባሯን፣ አንገቷን፣ እጇን ዳሰሰች። «አመመሽ? ለምን ዝም አልሽ?»

«ዝም ስል ትመጫለሽ ብለው እነ ሱራፌል ነግረውኝ ነበር» አለች ጽናት። «ልየው ብዬ ነው።» ከዚያ በር ላይ የቆመውን አባቷን አየችው። «አንተም ትመጣለህ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

አቤኔዘር አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። አባት ቀን ሲገባ ጆሮው ቀይ ያበራል፤ በራ። ከሰኞ በቀር ክፍሉን በቀን ብርሃን ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። ልጁ እያየችው አለቀሰ፣ አላፈረም።

ሱራፌል እያለከለከ ደረሰ። ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። «አቶ አቤኔዘር! ወይዘሮ ኤፍራታ! ይህን እኔ ባስብ ባስብ አልደርስበትም ነበር! ሰው እያለቀሰ ነው እኮ ውጭ!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጽናትዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ ነገም ልክ እዚያችው ቦታ ላይ ታቆሚልናለሽ? ለአባትየውም እናስፈቅዳለን።»

ኤፍራታ ከመሬት ተነሳች። ለአንድ ዓመት ያህል በቀን ሦስት ጊዜ የሠራችበትን ድምፅ ሁሉ አጠራቅማ «አታቆምም!» አለችው። ጆሮው የሚያበራው ቀለም ግራ ገባው፣ ጠፋ።

«ከወጣችሁ እኮ ዕጣው…» አለ ሱራፌል፤ ከልቡ አዝኖላቸው ነበር።

«እናውቃለን» አለ አቤኔዘር።

የሚይዙት ዕቃ አልነበረም፤ ማንኪያው ሳይቀር ቅርስ ነው። የለበሱትም ልብስ የአስተዳደሩ ስለሆነ ሱራፌል በውሰት ይሁን ብሎ ፈቀደ። አቤኔዘር ጽናትን ትከሻው ላይ አደረጋትና ሦስቱም ወጡ። ጎብኚዎቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ከዚያ፣ ይህ ክፍል በመርሐ ግብሩ ላይ ስላልነበረ፣ የት እንደሚያበቃ ለማየት ተከተሏቸው። በኒሞቹ ሥር፣ ጣቢያውን አልፈው፣ እስከ ድልድዩ ድረስ ሄዱ።

«የት ነው የምንሄደው?» አለች ጽናት።

«እኔ እንጃ» አለ አባቷ።

ድልድዩን ሲሻገሩ ጭብጨባው ሳሳ። ከድልድዩ ወዲያ ዛፍ የለም፤ ጎብኚዎቹ ፀሐዩ ሲከብዳቸው አንድ በአንድ ወደ ጥላው ተመለሱ።